በሩ ተዘግቶ የተበላ ቅቤ

አባቴ በአርባ አንድ ዓመቱ ሞተ። እኔ ሰባን ካለፍኩ ቆየሁ። ዕድለኛ ነሽ የሚሉኝ አሉ። ዕድል የሚሉትን ነገር ግን ደጄ ላይ ቆሞ አይቼው አላውቅም። እያንዳንዷን ዓመት ተጣልቼ ነው ያገኘኋት፤ ከካድሬ ጋር፣ ከጎረቤት ወሬ ጋር፣ ከገዛ ምላሴ ጋር፣ ከሁሉም በላይ ከእናቴ ጋር። የምጽፈውም ስለዚያ ጸብ ነው።

እናቴ ሚዛን ተፈሪ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ቅቤው ከጌጫ ደጋ በኮባ ተጠቅልሎ ይመጣላታል። ጥቅሉን ፈታ ታደርግና በአውራ ጣቷ ጥፍር ቆንጥራ መዳፏ ላይ ታሸዋለች። ታሸታለች፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ታስነካለች፤ ሙዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ሻጩን በገበያው ፊት ልክ ልኩን ትነግረዋለች። እጇ ሁልጊዜ ወዝ አለው። ፀጉሬን ስትሠራኝ ፀጉሬ፣ ደብተሬን ስታነሳ ደብተሬ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ትምህርት ቤት “የቅቤዋ ልጅ” ነበር የምባለው፤ እኔም እኮራበት ነበር። የእኛ ቤት ሽሮ ከሰው ቤት ዶሮ ይጣፍጥ ነበርና።

አባቴ በበቅሎ ቡና እየጫነ ጅማ የሚመላለስ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ አበላሉ የሚያስጎመጅ ሰው ነበር። ለእሱ የሚቀመጠው ቅቤ ለገበያ ከሚወጣው የተለየ ነው። ከመንገድ ደክሞት ሲገባ እናቴ ቡናው ላይ እንኳ ቅቤ ጣል አድርጋ ነበር የምትሰጠው። እወድሃለሁ ስትለው ሰምቼ አላውቅም። የምትወደው መሆኑን የምትናገረው በማንኪያ ነበር።

የሞተው በፋሲካ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ምሳ ቀርቦ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጎረቤታችን እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጣች። ሸኮ ናት፣ የአገሬው ተወላጅ፤ ከእናቴ ጋር እኩያ ናት፤ የሚለየን አንድ አጥር ነው። በኮባ የተሸፈነ ትኩስ ጎደሬ ይዛ በራችን ላይ ቆመችና አባቴ ሲጎርስ አይታ ሳቀች።

“ጎበዝ! መብላት እንዲህ ነው!” አለች።

አባቴም ሳቀ። “ግቢ፣ ነይ አብረን እንብላ” አላት። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ፤ ላብ አጥምቆት ነበር። ደረቱን ጨብጦ ወደ እናቴ ዞረ። የሆነ ነገር ሊነግራት ነበር መሰለኝ። ሳይነግራት ወደቀ፤ ሮጬ ውሃ ይዤ ስመለስ አልቋል።

እናቴ ፍርዷን የሰጠችው አስከሬኑ ሳይወጣ ነው። “በዓይኗ በላችው” አለች። ጎረቤታችን ቡዳ ናት ማለቷ ነው። ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ይህ ቃል የሚቀለድበት አልነበረም። ከሴትዮዋ ቤት እሳት የሚጭር ጠፋ። እሷ ስታልፍ እናቶች የሚጠባ ልጃቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። በእኛ ቤት ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ሲቀርብ በር ይዘጋል፤ በቀትር ሙቀት ሳይቀር መቀርቀሪያው ይወርዳል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ዶሮውንም ሽሮውንም በጨለማ በላን።

ከአብዮቱ በኋላ ቴፒ ውስጥ በመንግሥት የቡና እርሻ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ቡና ለቃሚ ሴቶችን መቆጣጠር ነበር። እነሱ የደረቀውን ቡና ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጥቁሩን፣ የተነቀዘውንና የተሰበረውን ሲለዩ እኔ በመካከላቸው እመላለሳለሁ። አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ የለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት በእርሻው መኪና ሚዛን እናቴ ጋ እሄድና እሑድ እመለሳለሁ።

በሽታዬን መጀመሪያ ያዩት ለቃሚዎቹ ናቸው። ቀኑን ሙሉ መልካሙን ከብልሹ ሲለይ የሚውል ዓይን ምን ያመልጠዋል? አንደኛዋ ቀና ብላ አየችኝና “እትዬ፣ ዓይንዎ ላይ ቅቤ ረስተው ነው የመጡት?” አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ስቄ ጠረግሁት። አይለቅም። በሁለቱም ዓይኖቼ ቆብ ላይ፣ በአፍንጫዬ በኩል፣ ቢጫ ነገር ጉብ ብሏል። የተረከዜም ጅማት ጫማ እስኪጠበኝ ወፍሮ ነበር፤ ከመቆም ብዛት ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ዳገት ስወጣ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል፤ እሱንም በእርጅና አሳብቤ ትቼዋለሁ፤ በሠላሳ ሰባት ዓመቴ!

የእርሻው ክሊኒክ ድሬሰር ሽማግሌ ሰው ነበሩ። የዓይኔን ቆብ ሳብ አድርገው አዩና ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ። “አባትሽ አሉ?” አሉኝ። የሉም አልኳቸው። “በስንት ዓመታቸው አረፉ?” አሉኝ። ስነግራቸው ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም፤ ወደ ጅማ ሆስፒታል የምላክበትን ወረቀት ጻፉልኝ።

በዚያ ዘመን ከሥራ ለመቅረት ወረቀቱ ላይ የእርሻው ካድሬ መፈረም ነበረበት። ሰኞ ከሰዓት በውይይት ክበብ፣ ሠራተኛው ሁሉ በተቀመጠበት አቀረብኩለት። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበውና ሳቀ። “ጓዲት፣ በደም ውስጥ የስብ መብዛት ይላል። ስብ የአድኃሪያን በሽታ ነው! ጮማ ሲቆርጡ የኖሩ ፊውዳሎች ይታመሙ። ሠርቶ አደሩ ስብ ከየት ያመጣል?” አለ። ሰው ሳቀ። አልሳቀም እንዳይባል ብሎ የሳቀም ነበር።

ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩና የሸሚዜን እጅጌ እስከ ትከሻዬ ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁለት። አጥንትና ቆዳ ነው። “ና እስቲ ጓድ፣ ከዚህ ላይ ጮማውን ቁረጥልኝ!” አልኩት። ለቃሚዎቹ አዳራሹ እስኪናጋ ሳቁ፤ ይኼኛው የእውነት ሳቅ ነበር። ፈረመልኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ተዛውሮ እስኪሄድ ድረስ “ጓዲት ጮማ” እያለ ነበር የሚጠራኝ። ይጥራኝ። ጅማ ሄድኩ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። ደሜን ቀድቶ ወደ አዲስ አበባ ላከው፤ እዚያ ካልሆነ አይመረመርም ነበር። ከሳምንታት በኋላ ስመለስ ወረቀቱን ይዞ ቆየኝ። ኮሌስትሮል የሚባል ስብ በደሜ ውስጥ ከልኩ እጅግ በልጧል አለኝ።

“ዶክተር፣ እኔን ያዩኛል?” አልኩት። “የቱ ጋ ነው ስቡ?”

“ሥጋሽ ላይ አይደለም፣ ደምሽ ውስጥ ነው። ቀጭን ሰውም ይኖረዋል” አለኝ። ከዚያ እስክሪብቶ አንስቶ ወረቀት ላይ ቧንቧ የሚመስል ነገር ሣለልኝ። ይህ ስብ ክፉ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሰውነት እንደሚፈልገው፣ ጉበት ራሱ እንደሚሠራው ነገረኝ። ሲበዛ ግን በደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ መንገዱን ያጠበዋል፤ ልብ ደም ያጥረዋል። እኔ በሐሳቤ የእርሻችንን የቡና ማጠቢያ ቦይ አየሁት። የእሸት ቡና ልጋግ ሲሚንቶው ላይ ይለጠፋል፤ ካልተፋቀ በላዩ ሌላ ይደርባል፤ አንድ ቀን ውሃው እምቢ ይላል። ገባኝ።

“አንዳንድ ቤተሰብ ላይ ይህ ነገር ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል” አለ ዶክተሩ። “የዓይንሽም የተረከዝሽም ምልክት እሱ ነው። አባትሽ እንዴት ነበር የሞቱት?”

ነገርኩት። ላቡን፣ ደረቱን፣ አወዳደቁን። ጎረቤታችንንም ነገርኩት። እስክጨርስ ጠብቆ “ልባቸው ነው” አለኝ። “ማንም አይደለም። ሳላያቸው በሙሉ አፌ መናገር አልችልም፤ ግን በአንቺ ደም ላይ ካየሁት፣ ልባቸው ነው።”

መድኃኒቱን ጠየቅሁት። አሁን ሊሰጠኝ የሚችለው ክኒን እንደሌለ፣ መድኃኒቴ ማዕዴ እንደሆነ ነገረኝ። ቅቤ ተዪ፣ ጮማ ተዪ፣ የእንቁላል አስኳል ቀንሺ አለኝ። ጎመን፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ጎደሬ ብዪ፤ ዘይቱንም በልክ አድርጊው፤ በእግርሽ ሂጂ፤ በየጊዜው ደምሽን አሳዪ አለኝ። የሚወርድ እንጂ የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ ዕድሜ ልክሽን የምትጠብቂው ነው አለኝ። ይችን የመጨረሻዋን ነገር ያኔ በደንብ አልሰማኋትም።

“ዶክተር፣ እናቴ ቅቤ ነጋዴ ናት” አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “እንግዲያው በሽታሽ ከባድ ነው” አለኝ።

ወጥቼ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም፤ ተናድጄ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በጨለማ የበላነው፣ አንዲት ሴት አንገቷን ደፍታ የኖረችው በከንቱ ነው! ሄጄ ለእናቴ ፊት ለፊት ልነግራት ተነሳሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ ነው የምነግራት? ቡዳ የለም ካልኳት የሚቀረው ማንኪያው ነው። ማንኪያውን የያዘችው ደግሞ እሷ ናት።

ስለዚህ ግማሹን ብቻ ነገርኳት፤ ሐኪም ቅቤ ከልክሎኛል አልኳት። እሳት ጎርሳ ተነሳች። “በቅቤ ያሳደግኩሽን ልጅ? አጥንትሽን ያጠናሁት በምን መስሎሽ ነው? ሰው ሲከሳ ቅቤ ይጨመርለታል እንጂ ይከለከላል? የትኛው ሐኪም ነው? እናት የለውም?” አለችኝ። የሽሮዬን ሳህን ቀርቤ ሳየው ቅቤው እንደ ወትሮው ላዩ ላይ ይዋኛል። አልበላም ብዬ ብነሳ አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ። ደግነቱ ሁዳዴ ገባና ጾሙ ገላገለን። እናቴ ለሐኪም ትእዛዝ ደንታ የላትም፤ ለጾም ግን ቅቤ የነካ ድስት እንኳ እሳት ላይ አትጥድም።

እንግዲህ ስሕተቴን ልናገር። በጾሙ አጋማሽ፣ ከደብረ ዘይት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ጅማ ሄጄ ደሜን ድጋሚ ሰጠሁ። ዶክተሩ ዘመቻ ሄዷል ተባልኩ። ውጤቱ ለሆሳዕና ሰሞን ሲደርስ በመስኮት የሰጠኝ ሰውዬ ሁለቱን ወረቀቶች አስተያይቶ “ኧረ ይኼ ወርዷል” አለኝ። በቃ፣ ድኛለሁ! ወረቀቱን እንደ ስእለት በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሚዛን ደረስኩና እናቴን አቅፌ ሳምኳት። ያን ፋሲካ በሩን ቀርቅረን እናቴ አጎረሰችኝ፤ እኔም አልሰሰትኩም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም የለምና ዶሮውን፣ ቅቤውን፣ እንቁላሉን ሳምንት ከሳምንት በላሁት። የሁለት ወር ናፍቆቴን ነበር የምወጣው። እናቴ በየጉርሻው “ይኸውልሽ! ይኸውልሽ!” ትላለች።

ከፋሲካ በኋላ ወር ሳይሞላ አንድ ቅዳሜ የእናቴን ቅቤ ይዤ ከገበያ ወደ ቤት ዳገቱን ስወጣ ደረቴ ጨመቀኝ። ያ የማውቀው ዓይነት አልነበረም። ወደ መንጋጋዬ ወጣ፣ ወደ ግራ ክንዴ ወረደ፤ ላብ አጠመቀኝ። ልክ እንደ አባቴ ግንባሬን በመዳፌ ጠረግሁ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ሞትን ከመፍራቴ ይልቅ እናቴ ባለችበት፣ በሳህኗ ፊት እንደ እሱ መውደቄን ፈራሁ። ቅቤው ከእጄ ወደቀ፤ እኔም ተንገዳገድኩ።

የደገፈኝ ክንድ የጎረቤታችን ነበር። ከጓሮዋ ጎደሬ ስትቆፍር አይታኝ መጥታለች፤ እጇ አፈር ነው። አጥሯ ሥር አስቀመጠችኝ፣ ቀሚሴን ከአንገቴ አላላችልኝ፣ ውሃ በቅል አጠጣችኝ። “ቀስ። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። አትነሺ” ትለኛለች። ድምፅዋ አጠገቤ ነው፣ ክንዷ ጀርባዬ ላይ ነው፣ ፊቷ ግን ወደ አጥሩ ዞሯል። አንድም ጊዜ አላየችኝም። መጀመሪያ የታመመ ሰው ማየት የምትፈራ መሰለኝ። ጭምቀቱ ለቀቅ ሲያደርገኝ ነው የገባኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰውን በዓይኗ እንዳታይ ሠፈሩ አስተምሯታል።

“እትዬ፣ ለምን አያዩኝም?” አልኳት።

“ይቅር” አለችኝ። “ብትሞቺ እኔ ነኝ ይላሉ።”

እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች። ጎረቤታችንን አጠገቤ ስታያት ጩኸቷን ለቀቀችው፤ “አባቷ አልበቃሽም? አባቷ አልበቃሽም?” ጎረቤታችን ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ገባች። እኔ እናቴን ልቆጣ ፈለግሁ፤ ትንፋሽ አልነበረኝም።

ጅማ ስመለስ ዶክተሩ ከዘመቻው ተመልሷል። ሁለተኛውን ወረቀት አይቶ “ደምሽን መቼ ነው የሰጠሽው?” አለኝ። ከደብረ ዘይት በኋላ አልኩት። “ቅቤ ከበላሽ ያን ጊዜ ስንት ቀን ሆኖሽ ነበር?” አለኝ። ወር አልፎኛል አልኩት። ሊስቅ ብሎ ተወው። “የጾመ ደም ልከሽ እኮ ነው የዳንሽ መስሎሽ! የወረደው በመዳንሽ ሳይሆን ባለመብላትሽ ነው። ስትበዪ ምን ይሆናል?” አለኝ። ጥያቄው መልስ አያስፈልገውም ነበር። መልሱን ዳገቱ ላይ አግኝቼዋለሁ።

የዚያን ቀን ወሰንኩ። አባቴ ያላያትን አርባ ሁለተኛ ዓመት አያታለሁ። ማንም አያስቀረኝም፤ እናቴም ብትሆን። ሲጋራ አላጨስም፣ ጠጅ አልጠጣም፤ የምተወው የእናቴን እጅ ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋውም እሱ ነበር። ቅቤ ሲነጠር የሚሸተው የኮረሪማና የኮሰረት ሽታ በአጥር ሲመጣ ምራቄን እየዋጥኩ በሌላ መንገድ የዞርኩበት ቀን ብዙ ነው። አንዳንዴ አልቅሻለሁ። ስለ ምግብ ያለቀሰች ትልቅ ሴት አይታችሁ ካላወቃችሁ እኔ አለሁ።

ቴፒ በነበርኩባቸው ቀናት ጎመኔንና ባቄላዬን ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ባገኘሁት ዘይት ጠብ አድርጌ እሠራለሁ። ከለቃሚዎቹ ጋር የቡና ቅጠል በዝንጅብልና በቃሪያ አፍልተን እንጠጣለን። ከመኖሪያዬ እስከ ሥራ በመኪና መሳፈር ትቼ በቡናው ጥላ ሥር በእግሬ ሄድኩ። ሚዛን ስሄድ ደግሞ ዳገቱ ላይ ካመመኝ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥራችን ላይ በኮባ የተጠቀለለ ትኩስ ጎደሬ ይቀመጥልኛል። ማን እንዳስቀመጠው አላየሁም፤ ስታስቀምጥም መታየት ያልፈለገች ሴት ናት። ጓሮ ቆሜ እበላዋለሁ። ቅቤ የለበትም። ጨውና ሚጥሚጣ ብቻ ነው።

ወሬው ግን አልቀረልኝም። ሥጋ በሚበላበት ወቅት አልበላም ስላልኩ ጴንጤ ሆናለች ተባለ። ጎረቤታችን የወንጌል አማኝ ናት፤ የሚጸልዩበት ቤት ታሽጎባቸው ስለነበር ወሬው ቀልድ አልነበረም። የቀበሌው ጸሐፊ ጠርቶ ጠየቀኝ። “ጴንጤ ብሆንማ ረቡዕና ዓርብም ሥጋ እበላ ነበር። እኔ ከጳጳሱ በላይ የምጾም ሰው ነኝ!” አልኩት። መዝገቡን ዘጋ። በየስድስት ወሩ ደሜን አሳየሁ፤ በፍስክም በጾምም፣ እንዳልታለል። ጨርሶ ልክ አልገባም፤ ግን ወርዶ ቆመ። ደረቴም ቀለለኝ።

የሚቀጥለው ፋሲካ ደረሰ። እናቴ አራት የማኅበር ጓደኞቿን ጠርታለች። በሩ እንደ ወትሮው ተቀርቅሯል፤ ቀትር ነው፣ ኩራዝ በርቷል። ዶሮው ወጣ። እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ በሰው ሁሉ ፊት ወደ እኔ ዘረጋች። ቅቤው በእንጀራው ሰርጎ እስከ ክርኗ ይወርዳል። እናት በፋሲካ የዘረጋችውን ጉርሻ እምቢ ያለ ሰው በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም።

“አልበላም እማዬ” አልኳት።

“በሰው ፊት?” አለች። እጇ እንደተዘረጋ ነው።

“በሰው ፊት።”

ከቅርጫቴ ውስጥ የኮባ ጥቅሌን አወጣሁና ማዕዱ ላይ ፈታሁት። ጎደሬው ይተናል። እናቴ አየችው። አጠቃለሉን ታውቀዋለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ኮባ ስትፈታ የኖረች ሴት ናት፤ የማን እጅ እንደጠቀለለ ከአሠራሩ ትለያለች።

“ይኼ ከየት ነው?”

“ከአጥር ማዶ። ዓመቱን ሙሉ የእሷን ነው የበላሁት። ይኸው አለሁ!”

ከሴቶቹ አንዷ አማተበች። ሌሎቹ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፤ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ በጓሮ በር ተራ በተራ ወጡ። እናቴ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። “አባትሽን በበላች እጅ” አለች በቀስታ።

“አባዬን ማንም አልበላውም። ልቡ ነው። ስብ ነው፣ የደም ሥሩን የዘጋው። የእኔም እንደዚያው ነው።”

 ሐሳቧ ወዴት እየሄደ እንደሆነ እያየሁት ነበር፤ ልከለክላት አልቻልኩም። እጆቿን ከጭኗ ላይ አንስታ ወደ ኩራዙ አስጠጋቻቸው። ወዛም፣ የሚያብለጨልጩ እጆች ናቸው።

“እኔ ነኝ የገደልኩት እያልሽኝ ነው?” አለችኝ።

ከዚህ ጥያቄ ነበር ከአንድ ዓመት በላይ ስሸሽ የቆየሁት። ልዋሻት እችል ነበር። “ቅቤው አግዞታል እማዬ፣ አልዋሽሽም” አልኳት። “ግን በሽታው ከሆድ ይዞት የመጣ ነው። ከዚያው ማዕድ አንቺም በልተሻል፣ ይኸው ጤነኛ ነሽ። የእሱ ደም የተለየ ነበር፤ የእኔም የእሱ ነው። ማንም አልነገረሽም። የሚያውቅ ሰውም አልነበረም። አንቺ ያደረግሽው የምትወጂውን ሰው ማብላት ነው።”

አላለቀሰችም። ማልቀሷን ብፈልግም አላለቀሰችም። እጇን ደጋግማ በቀሚሷ ጠረገች፤ ወዙ ግን አይለቅም። በመጨረሻ አገጯን ወደ አጥሩ አቅንታ “እና እሷስ?” አለችኝ።

“እሷ ምንም አላደረገችም።”

“ጎበዝ ነው ያለችው” አለች እናቴ። “አስታውሳለሁ። ጎበዝ፣ መብላት እንዲህ ነው፣ ነው ያለችው። እኔም እኮ እንደዚያ ብዬ ነበር የማየው።”

ተነሳች። ወደ ጓዳ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ወደ በሩ ሄደች። መቀርቀሪያውን ስታነሳው እጇ ሁለት ጊዜ አዳለጣት፤ በሦስተኛው ተነሳ። በሩን ገፋችው። ብርሃኑ ማዕዱ ላይ ሲያርፍ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ቤታችን ምሳ ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር።

“አንቺ!” ብላ ተጣራች ወደ አጥሩ። ድምፅዋ የቁጣ ይመስላል፤ እሷ ሌላ ድምፅ የላትም። “ነይ፣ ምሳ ቀርቧል!”

ጎረቤታችን መጣች። ያን ጊዜ የቆመችበት ቦታ ላይ፣ በሩ ላይ ቆመች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። እናቴ ክንዷን ይዛ አስገባቻትና በእኔ ትይዩ አስቀመጠቻት። ይቅርታ አላላትም፤ እናቴ ያን ቃል ስትናገር በሕይወቷ ሰምቼ አላውቅም። ዶሮውን ገፋ አድርጋ ጎደሬውን ለሦስት ከፈለችውና በየፊታችን አስቀመጠች።

እኔ የፊቴን ጎደሬ አንስቼ አልጎረስኩም። ጎረቤታችንም አልነካችውም፤ አንገቷ እንደተደፋ ነው። እናቴ ሁለታችንንም አየችን። ከዚያ ወዛም እጇን በሴትዮዋ አገጭ ሥር ሰደደችና ፊቷን ቀስ አድርጋ ወደ እኔ አነሳችው።

“ቀና በዪ” አለቻት። “ልጄ ስትበላ እዪያት።”

አየችኝ። እኔም ጎረስኩ።